ማመልከቻው የሚጀመረው ፓጋክ ላይ ነው

ፓጋክ በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ያለች ቦታ ናት። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ የፈነዳው ውጊያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የደቡብ ሱዳን ግዛቶች ሲዛመት፣ ቀናት በእግራቸው የተጓዙ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለውና እየጎተቱ እዚያ ደረሱ። መዝጋቢው ጠረጴዛ ዘርግቶ በአስተርጓሚ ይጠይቃል። ስም? የአባት ስም? ዕድሜ? ሰልፉ ረጅም ነው፤ ፀሐዩም የጋምቤላ ፀሐይ ነው። እናትየዋ የልጇን ዕድሜ በዓመተ ምሕረት አትቆጥርም፤ የምታውቀው ጎርፉ በበረታበት ዓመት እንደወለደችው ነው። መዝጋቢው ልጁን ቀና ብሎ ያይና ይገምታል። ወሩና ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ይሞላል። ከዚያ፦ ቀጣይ!

ሁለት ደቂቃ ያልፈጀ ሥራ ነው። ያ ልጅ ከአሥርና ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ለነፃ የትምህርት ዕድል ሲያመለክት የሚጠየቀው ግን ያንኑ መልስ ነው። ያኔ የተጻፈው ስምና አሁን የሚጽፈው ስም ካልገጠመ፣ የትውልድ ዘመኑም በአንዱ ወረቀት ላይ ሌላ ከሆነ፣ ስለ ውጤቱም ሆነ ስለ ችሎታው ጥያቄ ሳይነሣ ፋይሉ ወደ ጎን ይደረጋል።

ስለ ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከፎርሙ ነው፤ ቶሎ አመልክቱ፣ በጥንቃቄ ሙሉ፣ ቀነ ገደብ አይለፍባችሁ ይላሉ። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ችግሩ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። የኩሌን መጠለያ ለምዕራፉ የመረጥኩት ይህን ከየትም በላይ ጉልህ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው።

ኩሌ በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። የተከፈተው በግንቦት 2006 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጎረቤቱ ቲርኪዲ ከእርሱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ነበር የተከፈተው። አብዛኛው ነዋሪ የኑዌር ተወላጅ ነው። በዚያ ዓመት ስደተኛ የሰፈረባቸው ሌይችዎርና ኒፕኒፕ በክረምቱ ጎርፍ ሲዋጡ ኩሌ ከፍ ያለ ቦታ ላይ በመሆኑ ተረፈ። ዛሬ የቆርቆሮና የሣር ጣሪያ የተደባለቀበት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ያለው ሰፊ ሰፈር ነው። መጠለያው ሲከፈት አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች ዛሬ ወጣቶች ናቸው። የሚማሩት በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ የሚፈተኑትም የኢትዮጵያን ብሔራዊ ፈተና ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ ስደተኛ ዩኒቨርሲቲ አይገባም ብሎ ያስባል። ይገባል። መንግሥት ስደተኞችን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብሎ ከወጪያቸው 75 ከመቶውን ራሱ ሲሸፍን፣ ቀሪውን 25 ከመቶ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ዩኤንኤችሲአር፣ ይከፍላል። ይህ አሠራር የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ከመውጣቱ በፊትም ነበረ። አዋጁ በበኩሉ ስደተኛ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊው እኩል እንዲታይ ደነገገ፤ ከፍተኛ ትምህርትን ግን ከሀብት አቅም ጋር አያይዞ ተወው። «አቅም በፈቀደ መጠን» ዓይነቱን ሐረግ ሕግ የሚያነብ ሰው ያውቀዋል፤ በሩ ተከፍቷል፣ ስንት ሰው እንደሚገባ ግን አልተነገረም ማለት ነው።

ከዚህ ጎን ዳፊ የሚባለው አለ። የአልበርት አንስታይን ስም የተሰጠው የጀርመን የስደተኞች የትምህርት ድጋፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀምሮ እስካሁን በብዙ አገሮች ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞችን ለመጀመሪያ ዲግሪ አብቅቷል። ስያሜው ለጌጥ አልተመረጠም፤ አንስታይን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1933 ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የቀረ ስደተኛ ነበር። ዳፊ የሚረዳው ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ያጠናቀቀ፣ ሌላ የሚከፍልለት የሌለው፣ በዕድሜም ከተቀመጠው ጣሪያ ያላለፈ ስደተኛን ነው። ይህን የዕድሜ ነገር አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች በኢትዮጵያ ከሚኖሩ ስደተኞች የጀመሩት የዩኒቨርሲቲ ኮሪደር አለ። ሌሎችም አሉ፤ ሁሉንም መዘርዘር የዚህ ምዕራፍ ሥራ አይደለም። ቁጥሩን በጥቅሉ እንያዘው፤ በዓለም ካሉ ስደተኞች ለከፍተኛ ትምህርት ከደረሱት ወጣቶች ከጥቂት ዓመታት በፊት ትምህርቱን ያገኙት 7 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ ዩኤንኤችሲአር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. 15 ከመቶ ለማድረስ አቅዷል።

መጀመሪያ ግን ፈተናው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ይሰጣል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት በአገር ደረጃ ያለፈው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። እዚህ ላይ ኩሌና አዲስ አበባ አንድ ናቸው፤ መቶ ተማሪ ተሰልፎ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ይመለሳል። ልዩነቱ ያለው አንዱ መብራትና ላቦራቶሪ ካለው ትምህርት ቤት ሲመጣ ሌላው መጽሐፍ ለብዙ ተካፍሎ ከሚነበብበት ክፍል መምጣቱ ላይ ነው። የሪሜዲያል ትምህርት መጀመሩ፣ ለታዳጊ ክልሎች ልጆችና ለሴቶችም ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ መውጣቱ፣ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጎታል።

እንግዲህ ልጁ አለፈ እንበል። አሁን ወረቀቱ ይምጣ።

በስም እንጀምር። ኑዌሮች እንደ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ስም ከአባት ስም፣ ከአያት ስም ያስከትላሉ፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ፎርም አያስቸግራቸውም። የሚያስቸግረው ፊደሉ ነው። «ኛ» ብሎ የሚጀምር ስም የሴት ነው፣ የእገሌ ልጅ ማለት ነው፤ «ጋት» ብሎ የሚጀምረው የወንድ። ኩዎት እግዚአብሔር ስለሆነ ኛኩዎት የእግዚአብሔር ልጅ ትባላለች። ይህን ውብ ስም ፓጋክ ላይ አንዱ መዝጋቢ በላቲን ፊደል መጨረሻው ላይ «ኤች» ጨምሮ ይጽፈዋል፤ ራሽን ካርዱ ላይ «ኤች»ው ይጠፋል፤ አንደኛ ክፍል ሲመዘገቡ አማርኛ ተናጋሪው መምህር ኛኩኦት ይለዋል፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ ሲወሰድ ኛክዎት ይሆናል፤ ያ ደግሞ ወደ ላቲን ሲመለስ አምስተኛ መልክ ያወጣል። ለጆሮ አንድ ልጅ ናት። ለኮምፒውተር አምስት ሰው ናት።

ከፊደሉ የባሰው የአባት ስም ነው። በጋምቤላ መጠለያዎች ከወላጆቻቸው ተለይተው የመጡ ልጆች ቁጥር ብዙ ነበር። አጎቱ ይዞት የመጣ ልጅ በአጎቱ ቤተሰብ ሥር ይመዘገባል፤ መዝጋቢው «አባት?» ሲል ልጁ ወይም አጎቱ ያሳደገውን ሰው ስም ይጠራል። ይህ ውሸት አይደለም፤ በኑዌርም በአማራም ባህል አጎት አባት ነው። ግን ከአምስት ዓመት በኋላ እውነተኛ አባቱ ሲገኝ፣ ወይም ልጁ የራሱን አባት ስም ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ፣ ወረቀቶቹ ይጣላሉ።

እኔም ብሆን ከዚህ አልዳንኩም። በወጣትነቴ አንድ መሥሪያ ቤት የአባቴን ስም አንድ ፊደል ስቶ ጽፎልኝ፣ ያችን አንዲት ፊደል ለማስተካከል ከቀበሌ እስከ ፍርድ ቤት ሦስት ወር ተመላልሻለሁ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ታክሲ ነበረኝ፣ የሚመሰክርልኝ ጎረቤት ነበረኝ። ኩሌ ያለው ልጅ ከመጠለያው ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ማሰብ አለበት።

የትውልድ ዘመኑ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ተጋጭቶበታልና። መጠለያው የሚመዘግበው በፈረንጆቹ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በእኛው። በመካከላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። በ1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. 20 ዓመቱ ነው። ያ «1998» ግን ፈረንጅኛ ፎርም ላይ ሳይለወጥ ከተገለበጠ ልጁ በአንድ ጀምበር 27 ይሞላዋል፤ ያ የዳፊ የዕድሜ ጣሪያ እላዩ ላይ ይመጣል። በተገላቢጦሽ ሲሆን ደግሞ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 ተወለደ ተብሎ የተመዘገበው ልጅ ትምህርት ቤት «2006 ዓ.ም.» ተብሎ ሲጻፍለት የአሥራ ሁለት ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይሆናል። ሣቁ የሚያበቃው ይህን ያየ ሠራተኛ ሰነዱ ተጭበርብሯል ብሎ ሲጠረጥር ነው።

በዚህ ላይ የብዙ ስደተኛ ተማሪ ዕድሜ ለክፍሉ ከፍ ያለ መሆኑን ጨምሩበት። ጦርነትና ሽሽት ከትምህርት ላይ ሦስትና አራት ዓመት ይወስዳሉ፤ አንድ ሰው በ17 ዓመቱ አራተኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ጣሪያው ላይ የሚቀሩት ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በወረቀት ስሕተት ሰባት ዓመት መወሰድ ለእርሱ ሁሉንም መወሰድ ነው።

ሰዓቱም ወጥመድ አለው። የውጭ አገር ማመልከቻ «እስከ 5፡00» ብሎ የከሰዓት በኋላ ምልክት ያደርግበታል። ያ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። «ምሽት አምስት ሰዓት ድረስ ጊዜ አለኝ» ብሎ የተኛ ልጅ ሲነሣ ስድስት ሰዓት አልፎታል። ቀነ ገደቡ በሮም ወይም በለንደን ሰዓት ከሆነ ሌላ ስሌት ይጨመርበታል። እኔ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመክረው አንድ ነው፤ የመጨረሻውን ቀን ከሁለት ቀን በፊት እንደሆነ አድርጋችሁ ያዙት። ኔትወርኩ ጋምቤላ ክረምት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ ሰው ሁለት ቀንም ብዙ አይደለም።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት በቀደመው ሕይወት የተሞላውን ፎርም ነው። ተማሪው ራሱ የሚጽፈው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ደብዳቤው ነው።

እኛ አገር ማመልከቻ መልክ አለው። ከላይ ለማን፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦ የትምህርት ዕድል እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ»፣ ከዚያ ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው እያለ፣ ችግሬን ተረድታችሁ በትሕትና እጠይቃለሁ ብሎ ይዘጋል። ከየፍርድ ቤቱና ከየክፍለ ከተማው ደጃፍ የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይህን መልክ በቃላቸው ይዘውታል፤ የባለጉዳዩን ስም ብቻ ይለውጣሉ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ አግባብ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ጉዳዩ እንጂ ሰውየው አይደለም። የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ግን ሰውየውን ይፈልጋል። ምን ትወዳለህ? ምን ሠራህ? ይህን ትምህርት ለምን? ተማሪው ይህን ሲያይ ግራ ይጋባና በለመደው ይመለሳል፤ ድህነቱን ይዘረዝራል። አንባቢው ኮሚቴ ግን ከፊቱ የተከመሩት ሁሉ ድሆች ናቸው። ስደተኛ መሆን ለማመልከት ያበቃል እንጂ ከሌላው ስደተኛ አያስበልጥም።

ራስን ማወደስ ነውር ነው ይባላል። ይህ ለእኔ ሙሉ እውነት ሆኖ አያውቅም። ደገኛው በፉከራና በቀረርቶ ራሱን ሲያሞግስ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ብቻ ብዕር ሲይዝ ይሽኮረመማል። ኑዌሩም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኑዌሮች መካከል የኖረው አንትሮፖሎጂስቱ ኤቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ ካብራራቸው ነገሮች አንዱ የበሬ ስም ነው፤ ወጣቱ ጎረምሳ ሲሆን የሚሰጠውን በሬ መልክና ቀንድ አይቶ ከርሱ ስም ያወጣል፣ በዚያም ስም ራሱንና በሬውን እያወደሰ ይዘፍናል። የበሬውን ቀለም ሳይሳሳት የሚናገር ወጣት የሠራውን ሥራም ሳይሳሳት ሊናገር ይችላል። ለታናናሾቹ በእረፍት ሰዓት ሒሳብ ያስተማረ፣ በጤና ጣቢያው ያስተረጎመ፣ በጎርፉ ጊዜ ድንኳን ያዛወረ ልጅ ይህን ቀኑንና ቁጥሩን ጠቅሶ ይጻፈው። «ትጉህ ነኝ» ከሚል ዐረፍተ ነገር «ለሁለት ክረምት አሥራ አንድ ልጆች አስጠንቻለሁ» የሚለው ይበልጣል።

ስለ ሴቶቹ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ «ሴቶች ይበረታታሉ» ይላሉ፤ ዳፊም ከተጠቃሚዎቹ ግማሹ ሴቶች እንዲሆኑ ይሠራል። ክፍሎቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ግን ኛ ብሎ የሚጀምረው ስም ከመዝገቡ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ውኃ የምትቀዳው እርሷ ናት፣ ታናናሾቿን የምትይዘውም እርሷ። የኑዌር ጥሎሽ በከብት ነው፤ ሁሉን ያጣ ቤተሰብ ለልጁ የሚመጣውን ከብት መጠበቁ አያስገርምም። የራሽኑ መጠን በተቀነሰበት ጊዜ ሁሉ ይህ ግፊት ይጨምራል። የተበረታታችው ልጅ ማመልከቻው በሚወጣበት ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ ከሌለች ማበረታታቱ የሚደርሰው ለማንም አይደለም።

ኢትዮጵያዊው ተማሪስ? ለእርሱ ፎርሙ ቀለል ያለ ይመስላል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፣ ኮስት ሼሪንግ የምንለውን። ብዙዎች ሳያነቡ ይፈርሙታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣው ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 ከመቶውን እንዲሸከም፣ ሲመረቅና ሲቀጠር ደግሞ ከደመወዙ ቢያንስ 10 ከመቶ በየወሩ እንዲቆረጥ ደንግጎ ነበር። ስለዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው የምንለው በልማድ ነው፤ እውነቱ ብድር ነው። ዋናውን የዲግሪ ወረቀት ልውሰድ ሲል ስንቱ ተመራቂ ነው ይህን የሚያውቀው! ኑሮው ጋምቤላ ከተማ ለሆነው ኢትዮጵያዊ ኑዌር ወይም አኙዋክ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ድንበሩ ዘመድ ከዘመድ ስለሚለይ አንዳንዱ ቤተሰብ በክፉ ቀን ልጁን ለራሽን ሲል ስደተኛ ብሎ አስመዝግቧል። አሻራና የዓይን ብሌን የሚወስደው ምዝገባ፣ አሁን ደግሞ ስደተኞችንም የሚጨምረው የፋይዳ መታወቂያ ከመጣ ወዲህ፣ አንድ ሰው ሁለት ሊሆን አይችልም። ያ ልጅ በቀበሌውም በመጠለያውም ወረፋ ላይ ሊጠየቅ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ደላላው ይገባል። «እኔ ፎርሙን አስገባልሃለሁ»፣ «ስምህን ዝርዝሩ ላይ አስገባለሁ» ይላል። ለዳፊም ሆነ በዩኤንኤችሲአር በኩል ለሚወጣ ማንኛውም ዕድል ማመልከት ክፍያ የለውም። ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ አታላይ ነው፤ በዚህ ላይ ማብራሪያ አያሻም።

ኢታንግ ስደተኛ ተማሪ የምታየው ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ የ1980ዎቹ ጦርነት ጊዜ፣ በኢታንግ የነበረው የሱዳን ስደተኞች መጠለያ በዓለም ከትልልቆቹ አንዱ ነበር፤ ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. እስኪበተን ድረስ። በዚያ ዘመን በመጠለያው ትምህርት ቤቶች የተማሩ ሰዎች በኋላ በሁለቱም አገር በሥልጣንና በሙያ ተገኝተዋል። ከዚያም በፊት፣ በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. አክራ ላይ በተካሄደው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች 200 ስኮላርሺፕ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያ፣ ከሱዳን መጡ፤ አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያውያን ጋር አንድ ክፍል ተቀመጡ፣ አብረው ተከራከሩ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ ከእነርሱ ብዙ ተምሯል። ስኮላርሺፕ ሰጪ ነበርን ማለት ነው፤ ዛሬም የኩሌን ልጅ 75 ከመቶ ስንሸፍንለት እንሰጣለን።

ለኩሌ ተማሪ ምን እላለሁ? የማመልከቻው ማስታወቂያ እስኪወጣ አይጠብቅ። ዛሬውኑ፣ ስምንተኛ ክፍልም ላይ ቢሆን፣ ያሉትን ወረቀቶች ሁሉ አንድ ላይ ዘርግቶ ስሙን ፊደል በፊደል ያስተያይ። ልዩነት ካገኘ ወደ ስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ምዝገባ ቢሮ ሄዶ ያስተካክል፤ ማስተካከል ከማመልከቻ በፊት ሲሆን ጥያቄ ነው፣ ከማመልከቻ በኋላ ሲሆን ጥርጣሬ ነው። የትውልድ ዘመኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ በእርሳስ ይጻፍ። የሰነዶቹን ፎቶ በስልኩ ያንሳ፣ ለአንድ የሚያምነው ሰውም ይላክ፤ ወረቀቱን ራሱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከጣሪያው ማገር ላይ ይስቀል። ክረምት ላይ ውኃው ወለሉን ያገኘዋልና።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያለበትን ቤት አስቡት። መስከረም ላይ ታናሽ እህቱን አንደኛ ክፍል ሊያስመዘግብ ይሄዳል። መምህሩ ብዕሩን አንሥቶ «ስም?» ይላል። ልጁ የምዝገባ ወረቀቷን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ «እንደዚህ ነው የሚጻፈው፣ መምህር» ይላል፣ «መጨረሻው ላይ ያለችውን ፊደል አይርሷት።»